ባትሪ ብቻ ሲቀር የትኛው ይብራ?

በሌሊት በሚበር አውሮፕላን ውስጥ የአብራሪዎቹን ክፍል የሚያበራው በተለመደው ጊዜ ሞተሮቹ ከሚያሽከረክሯቸው ጄኔሬተሮች የሚመጣ ኃይል ነው። ጄኔሬተሮቹ ሥራ ካቆሙና ሌላ ምንጭ ከሌለ ግን መሣሪያዎቹና ማብሪያ ማጥፊያዎቹ የተደረደሩበትን ፓኔል ሊያበራ የሚችለው ባትሪው ብቻ ይሆናል። ጄኔሬተር እያመነጨ ይሰጣል፤ ባትሪ ቀድሞ የተጠራቀመለትን ይከፍላል፣ ሲያልቅም ያልቃል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚበራ እያንዳንዱ አምፖል ከሌላ ሥራ ላይ የተቀነሰ ነው። በዚህም ምክንያት የፓኔል መብራት በባትሪ ሲሠራ ሁለት የቆዩ ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ለሁሉም የማይበቃ ነገር ለማን ይሰጣል? ሁለተኛው የእውቀት ጥያቄ ነው፤ ሰው የገዛ ስሜቱ የማይነግረውን ነገር በምን ያውቃል? አውሮፕላን የሚነድፉ ሰዎች ለሁለቱም መልስ ሳይሰጡ አንድ ሽቦ እንኳ መዘርጋት አይችሉም። መልሳቸውም በኃይል ማከፋፈያ መስመሮቹ አደረጃጀት ውስጥ ይገኛል።

አብዛኛው የአውሮፕላን ባትሪ 24 ቮልት ነው። የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት የሚሰጡ 20 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው የሚሠሩት ነው፤ የእርሳስና የአሲዱ ደግሞ ባለ 2 ቮልት 12 ሴሎች አሉት። ጄኔሬተር በሚሠራበት ጊዜ መስመሩ 28 ቮልት ላይ ይቆያል፤ ከባትሪው ከፍ ማለቱ ባትሪው እየተሞላ እንዲቆይ ነው። በትልልቅ አውሮፕላኖች ጄኔሬተሮቹ የሚሰጡት 115 ቮልት፣ በሰከንድ 400 ዑደት ያለው ተለዋዋጭ ጅረት፣ በተለምዶ አጠራር ኤሲ ነው። 28 ቮልቱ ቀጥተኛ ጅረት፣ ማለትም ዲሲው፣ ከዚህ ተለውጦ የሚገኝ ነው።

የፓኔል መብራት ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። በየመሣሪያው ውስጥ የተደበቁ ጥቃቅን አምፖሎች አሉ። የማብሪያ ማጥፊያዎቹ ስሞች የተጻፉባቸው ሰሌዳዎች ብርሃን ከሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ተሠርተው በነጭ፣ ከነጩ በላይ ደግሞ በጥቁር ቀለም ይሸፈናሉ፤ ፊደላቱ የሚወጡት ጥቁሩ እየተፋቀ ነው። ብርሃኑ በፕላስቲኩ ውስጥ ተሰራጭቶ መውጫ የሚያገኘው በተፋቀው ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ በጨለማ የሚታዩት ፊደላቱ ብቻ ናቸው። ከነዚህ ሌላ ከላይ ሆኖ መላውን ፓኔል የሚያጥለቀልቅ የጣሪያ መብራት አለ።

በብዙ ትልልቅ አውሮፕላኖች የመሣሪያዎቹ ውስጣዊ አምፖሎች የሚበሩት በ5 ቮልት ነው። ቮልቱ ሲያንስ የአምፖሉ ክር ወፍራም ሊሆን ይችላል፤ ወፍራም ክር ደግሞ የሞተርን ንዝረት ይችላል። 5 ቮልቱ የሚገኘው 115ቱን በትራንስፎርመር በማውረድ ነው። ትራንስፎርመር በዲሲ አይሠራም። እንግዲህ ጄኔሬተሮቹ ሲጠፉ እንግዳ የሚመስል ነገር ይከሰታል፤ ባትሪው ሙሉ፣ አምፖሉ ጤነኛ፣ ፓኔሉ ግን ጨለማ ይሆናል። የጎደለው ኃይል አይደለም፤ ኃይሉን አምፖሉ በሚቀበለው መልክ የሚያደርስ መካከለኛ ነው። ኢንቨርተር የሚባለው መሣሪያ የባትሪውን ዲሲ ወደ ኤሲ ሊለውጥ ይችላል፤ ነገር ግን ሲለውጥ ከባትሪው ላይ የራሱን ድርሻ ይበላል። ስለዚህ ነዳፊዎቹ ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ፤ ወይም በኢንቨርተሩ በኩል ጥቂት መሣሪያዎችን ብቻ ያበራሉ፣ ወይም የጣሪያውንና የኮምፓሱን መብራት የመሳሰሉትን በቀጥታ በባትሪው ዲሲ ላይ ያስራሉ። ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ያደርጋሉ።

እዚህ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ መሣሪያው ለምን መታየት እንዳለበት ነው። ሰው በሁለት እግሩ ሲቆም ላይና ታች የትኛው እንደሆነ ማንም አያስተምረውም። በአየር ላይ ግን ይህ እውቀት ከእርሱ ይወሰዳል። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቅስት ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላት መዞር ሲጀምር ቱቦው አብሮ ይዞራል፣ ፈሳሹ ለጊዜው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የመዞር ስሜት የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። መዞሩ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ ከቀጠለ ፈሳሹ ከቱቦው እኩል መሄድ ይጀምርና ስሜቱ ይጠፋል። ከውጭ ምንም የማይታየው አብራሪ አውሮፕላኑ ወደ ግራ እየታጠፈ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ክንፎቹን ሲያቃና ደግሞ ወደ ቀኝ የታጠፈ ይመስለዋል። ስሜቱን አምኖ ካስተካከለ ወደ ግራው መታጠፍ ይመለሳል፤ አፍንጫው እየወረደ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ፣ ክቡም እየጠበበ ይሄዳል። በ1954 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ የመብረር ልምድ የሌላቸው 20 ሰዎች ከውጭ ምንም እንዳያዩ ተደርገው በረሩ። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ እስከዚያ የወሰደባቸው ጊዜ በአማካይ 178 ሰከንድ፣ ማለትም ከሦስት ደቂቃ በታች ነበር።

ከዚህ አደጋ መውጫ መኖሩን በአደባባይ ያሳየው አሜሪካዊው አብራሪ ጂሚ ዱሊትል ነው። መስከረም 1929 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ኒው ዮርክ አጠገብ ባለው ሚቸል ፊልድ፣ መቀመጫው ተሸፍኖበት ከመነሣት እስከ ማረፍ ያለውን በረራ መሣሪያ እያየ ብቻ ፈጸመ። በፊቱ የነበሩት በጃይሮስኮፕ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አድማስ፣ የአቅጣጫ ጃይሮ፣ ትክክለኛ የከፍታ መለኪያና የሬድዮ ምልክት ነበሩ። ያ በረራ ከሜካኒክ ድል በላይ ነው። ሰው ከገዛ አካሉ ምስክርነት ይልቅ የአንዲትን መርፌ ምስክርነት መቀበል እንዳለበትና እንደሚችል አሳይቷል።

ስሜት ያታልላል የሚለው ሐሳብ በእርግጥ ከአውሮፕላን እጅግ ይቀድማል። በ1111 በአውሮፓ አቆጣጠር ያረፈው የእስልምና ሊቅ አል ገዛሊ ከስሕተት ስለ መዳን በጻፈው መጽሐፉ፣ ዓይን ጥላን ቆሞ እንደሚያየው፣ ቆይቶ የተመለከተ ግን ጥላው እንደተንቀሳቀሰ እንደሚያውቅ አንሥቷል። ኮከብም ለዓይን የሳንቲም ያህል ሲሆን የሒሳብ ማስረጃ ከምድር እንደሚበልጥ ያሳያል። ከዚህ ተነሥቶ አስጨናቂውን ጥያቄ ጠየቀ፤ ስሜትን ያረመው አእምሮ ከሆነ፣ አእምሮን የሚያርመው ማን ነው? መልሱን ያገኘው በክርክር ብቻ ሳይሆን እግዚአብሔር በልቡ ባኖረው ብርሃን እንደሆነ ጽፏል። ይህ ጥያቄ አብራሪውንም አይለቀውም። ጃይሮስኮፕ ሊበላሽ ይችላል፤ የተበላሸ ሰው ሠራሽ አድማስ ደግሞ ቀስ እያለ እየተዘነበለ፣ ትክክለኛ በሚመስል መልክ ሐሰት ይናገራል። ስሜቱን ትቶ መሣሪያውን ያመነ ሰው፣ መሣሪያው ሲዋሽ በምን ያውቃል?

የበረራ ትምህርት ለዚህ የሚሰጠው መልስ የኦሪትም የወንጌልም አንባቢ የሚያውቀው ነው፤ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጸናል። አድማሱ አፍንጫው ወርዷል ካለ ፍጥነት መለኪያው መጨመር፣ ከፍታ መለኪያው መቀነስ አለባቸው። አድማሱ ታጥፏል ካለ ኮምፓሱ መዞር አለበት። ከነዚህ አንዱ ከሌሎቹ ካልተስማማ የሚጠረጠረው እርሱ ነው። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ብቻ ማብራት አይበቃም። ባትሪው ትንሽም ቢሆን፣ ከብርሃኑ መጀመሪያ የሚደርሰው እርስ በርሳቸው መተራረም ለሚችሉ ጥቂት ምስክሮች ነው። የመጠባበቂያ መሣሪያዎች ስብስብ አድማስን፣ ፍጥነትንና ከፍታን የሚይዘው፣ ኮምፓስም አጠገባቸው የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከነዚህ ምስክሮች አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። የቀድሞው ዓይነት ፍጥነት መለኪያና ከፍታ መለኪያ የሚሠሩት በአየር ግፊት ነው፤ ኮምፓሱን የሚያዞረው የምድር መግነጢስ ነው። ሐምሌ 23 ቀን 1983 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከ41,000 ጫማ ከፍታ ላይ ነዳጁ አለቀ፤ የነዳጁ ክብደት በኪሎ ግራም መቆጠር ሲገባው በፓውንድ ተሰልቶ ነበር። ሁለቱም ሞተሮች ሲቆሙ ስክሪኖቹ ጠፉ፤ ለአብራሪዎቹ የቀሯቸው ጥቂት የመጠባበቂያ መሣሪያዎች ነበሩ። ካፒቴን ቦብ ፒርሰን አውሮፕላኑን ያለ ሞተር አንሳፍፎ ጊምሊ በሚባለው የቀድሞ አየር ኃይል ሰፈር አሳረፈው፤ አንድም ሰው አልሞተም። ቀን ስለነበረ መርፌዎቹን ለማንበብ አምፖል አላስፈለገም። ያው አውሮፕላን፣ ያው መርፌ፣ ሌሊት ቢሆን ኖሮ ከፍታ መለኪያው እውነቱን መናገሩን አያቆምም ነበር፤ የሚሰማው ግን አይኖርም። አንድ ነገር እውነት መሆኑና እውነትነቱ ለሚያስፈልገው ሰው መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባትሪው የሚከፍለው ለሁለተኛው ነው፤ ክፍያውም እጅግ ትንሽ ነው።

ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በፓኔሎች ላይ በብዛት የኖረው ባለ 28 ቮልቱ ጥቃቅን አምፖል 0.04 አምፔር ይወስዳል። እንዲህ ያሉ 50 አምፖሎች አንድ ላይ 2 አምፔር ናቸው። አንድ ባለ 250 ዋት የማረፊያ መብራት ብቻውን 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ማኮብኮቢያውን ለአንድ ሰዓት የሚያበራው ኃይል ሃምሳውን የፓኔል አምፖሎች ከአራት ሰዓት በላይ ያበራ ነበር። ለተራ ሰው ዓይን ታላቁ መብራት ወደ ውጭ የሚወጣው ነው፤ በባትሪ ላይ ሲሆን ግን እርሱ ለመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ይቆያል። በዛሬዎቹ ኤልኢዲ መብራቶች የፓኔሉ ወጪ ከዚህም እጅግ ይወርዳል።

ሌላው ሁሉ እንግዲህ ይቋረጣል። የወጥ ቤቱ ምድጃ፣ የመንገደኛው ስክሪን፣ አብዛኛው የማሞቂያ ሥርዓት ከመስመሩ ይወጣል። ለትናንሽ አውሮፕላኖች ረጅም ዘመን የሠራው የአሜሪካ ደንብ ባትሪው ለበረራ ደኅንነት ግድ የሆኑትን መሣሪያዎች ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እንዲይዝ ያዝዝ ነበር፤ በኋላ ከ25,000 ጫማ በላይ ለሚበሩት ወደ 60 ደቂቃ ከፍ ብሎ ነበር። ከደቂቃዎቹ ይበልጥ የሚከብደው ግድ የሆነው የትኛው ነው የሚለው ፍርድ ነው።

የማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ አሥር ደናግል መብራት ይዘው ሙሽራውን እንደጠበቁ ይተርካል። ሙሽራው ዘገየ። ዘይት ያልያዙት አምስቱ ከያዙት ሲለምኑ፣ ልባሞቹ ለእኛም ለእናንተም ላይበቃ ይችላል ብለው ከለከሉ። ይህ ክልከላ ብዙ አንባቢን ያውካል። ዮሐንስ አፈወርቅ ዘይቱን ምጽዋት ነው ብሎ ተርጉሞታል፤ ታዲያ ምጽዋትን በማሰሮ የያዘ ሰው እንዴት ይነፍጋል? አንዱ መልስ በጎ ሥራ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ዕቃ አይደለም የሚል ነው። የባትሪው ሒሳብ ሌላ መልስ ያሳያል፤ ይህም መልስ ከፊተኛው አያንስም። የአምስት መብራት ዘይት ለአሥር ሲካፈል አሥሩም ሙሽራው ሳይደርስ ይጠፋሉ። እኩል መከፋፈል ፍትሕ የሚሆነው እያንዳንዱ ድርሻ ቢያንስ ለሥራው ሲበቃ ነው። ለማንም የማይበቃ እኩልነት ለሁሉም እኩል ጨለማ ያመጣል። ሃያ ሥርዓቶች ባትሪውን እኩል ተካፍለው በስምንተኛው ደቂቃ አብረው ከሚጠፉ፣ አራቱ እስከ ማረፊያው ቢደርሱ ምድጃውም፣ ስክሪኑም፣ መንገደኛውም አብረዋቸው ይደርሳሉ።

ይሁንና ምሳሌውና መስመሩ የሚለያዩበት ቦታ መታለፍ የለበትም። የተቋረጠ ምድጃ አይጎዳም፤ በሩ የተዘጋባቸው ደናግል ሰዎች ናቸው። ኃይልን ለሚጠቅመው አስቀድሞ መስጠት ትክክል ነው የሚለው መርሕ ከዕቃ ወደ ሰው በተሻገረ ቁጥር አስፈሪ ይሆናል፤ በታሪክም ብዙ ግፍ የተሠራው በዚሁ ቋንቋ ነው። የአውሮፕላን ደንብ ይህን የተረዳ ይመስላል። የመንገደኞች ክፍል ከዋናው ባትሪ ድርሻ ሲነፈገው በጨለማ አይተውም። የአደጋ ጊዜ መውጫ መብራቶች የራሳቸው ምንጭ እንዲኖራቸው፣ ቢያንስም ለ10 ደቂቃ እንዲያበሩ ደንቡ ያዝዛል፤ በብዙ አውሮፕላኖች ይህ ምንጭ በየመብራቱ አጠገብ የተቀመጠ ትንሽ ባትሪ ነው። መንገደኛው ከአብራሪው ዘይት እንዳይለምን አስቀድሞ በእጁ ተሰጥቶታል። መካፈል የማይቻልበት ሰዓት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ሊያደርግ የሚገባው ይህን ነው፤ ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት መስጠት።

ሌላም ልዩነት አለ። ልባሞቹ ደናግል የወሰኑት በእኩለ ሌሊት፣ ለማኞቹን ፊት ለፊት እያዩ ነው። የአውሮፕላኑ ቅደም ተከተል የሚወሰነው ከበረራው ዓመታት አስቀድሞ፣ በጠረጴዛ ላይ፣ ማንም ሳይጨነቅ ነው። ይህ ልብ የሌለው አሠራር ሊመስል ይችላል፤ የተጨነቀ ሰው ግን ለቅርቡና ለሚጮኸው ያደላል እንጂ ለሚበልጠው አይደለም። ከጭንቀቱ በፊት የተወሰነ ሥርዓት አብራሪውን ከፍርድ ሸክም ያቃልለዋል። ነዳፊው ሁሉን ስለማያይ ደግሞ ጥቂት ማብሪያ ማጥፊያዎች በአብራሪው እጅ ይቀራሉ።

በባትሪ የሚሠራ መብራት ምን ያህል እንደቀረው መናገሩ ሌላው ከባድ ጉዳይ ነው። ባለ ክር አምፖል በዚህ ረገድ ታማኝ ነበር። ብርሃኑ ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ከ28 ወደ 24 ቮልት ሲወርድ የብርሃኑ 60 በመቶ ገደማ ይቀራል፣ 20 ቮልት ላይ ሲደርስ ሲሶው ያህል ብቻ። አብራሪው መለኪያ ባያይ እንኳ የፓኔሉ መቅላትና መደብዘዝ ባትሪው እየደከመ መሆኑን ይነግረዋል። የኤልኢዲ መብራት ብዙውን ጊዜ ጅረቱን እኩል አድርጎ የሚይዝ ሰርኪዩት አለው፤ ቮልቱ ሲወርድም ብርሃኑ አይለወጥም። እስከ መጨረሻው በደንብ ያበራል፣ ከዚያ በድንገት ይጠፋል። የተሻለው መብራት ስለ ራሱ የሚናገረው አነሰ። ጥቅሙ ጉዳቱን እንደሚያስከነዳ አያጠራጥርም፤ ሆኖም አንዱን ምስክር ያጠፋ ሰው በምትኩ ሌላ መትከል አለበት፣ ይኸውም የቮልት መለኪያና ሰዓት ነው።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። መስከረም 22 ቀን 2008 በአውሮፓ አቆጣጠር ከሲያትል ወደ ኒው ዮርክ የሚበር የአሜሪካን አየር መንገድ ቦይንግ 757 የኤሌክትሪክ ብልሽት ገጠመው። አብራሪዎቹ መመሪያውን ተከትለው የመጠባበቂያውን መስመር በባትሪ ላይ አደረጉት፤ መመሪያው ባትሪው 30 ደቂቃ ያህል እንደሚቆይ ይናገራል። መሣሪያዎቹ በርተው ቆዩ፤ ጉዞውም ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቀጠለ። ባትሪው ሲያልቅ ብዙ ሥርዓቶች ተከታትለው ጠፉ፤ አውሮፕላኑ ወደ ቺካጎ ኦሄር አቅጣጫ ቀይሮ አረፈና ከማኮብኮቢያው ወጣ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። መብራት ሳይጠፋ መቀጠሉ ነገር ሁሉ ደኅና ነው የሚል ስሜት ሊሰጥ ይችላል።

ተቃራኒውም እንዲሁ አሳሳች ነው። አሪስቶትል ጨለማ ራሱን የቻለ ነገር እንዳልሆነ፣ የብርሃን መጉደል እንደሆነ ጽፏል፤ አውግስጢኖስም ክፋት የበጎ መጉደል ነው የሚለውን ትምህርቱን በዚሁ መንገድ አስረድቷል። በፓኔል ላይ ግን መጉደል ራሱ መልእክት እንዲሆን ተደርጓል። ኤርባስ በሚከተለው አሠራር ሁሉ ደኅና ሲሆን የማስጠንቀቂያና የማብሪያ ማጥፊያ መብራቶች በሙሉ ጠፍተው ይቆያሉ፤ የበራ ነገር ካለ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። ጨለማው ደኅንነትን ይናገራል። በባትሪ ላይ ሲኮን ይህ ንግግር ሁለት ትርጉም ያገኛል፤ መብራቱ የጠፋው ነገሩ ደኅና ስለሆነ ነው ወይስ ለመብራት ኃይል ስላጣ? ሁለቱም ለዓይን አንድ ናቸው። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹ ማስጠንቀቂያዎች ከባትሪው መስመር እንዲመገቡ ይደረጋል፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያበራ የመፈተሻ ማብሪያም ይኖራል። ዝምታ ምስክርነት የሚሆነው፣ ዝም ያለው አካል መናገር እንደሚችል አስቀድሞ ከታወቀ ብቻ ነው።

በታኅሣሥ 29 ቀን 1972 በአውሮፓ አቆጣጠር ማያሚ አጠገብ የደረሰው አደጋ ከባትሪ ጋር አይያያዝም፤ ስለ መብራት ግን ከዚህ የበለጠ መራራ ትምህርት የለም። በኢስተርን አየር መንገድ 401ኛ በረራ ላይ የፊት ጎማው መውረዱን የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት አልበራም። ጎማው ወርዶ ነበር፤ የተቃጠለው አምፖሉ ነው። ሠራተኞቹ ሁሉ በዚያ አምፖል ላይ ተጠምደው ሳለ ከፍታ የሚጠብቀው አውቶፓይለት ተለቀቀ፣ አውሮፕላኑም ቀስ እያለ ወረደ። ከፍታ መለኪያዎቹ በርተው እውነቱን ያሳዩ ነበር። የሚያያቸው አልነበረም። 101 ሰዎች ሞቱ። ብርሃን ነገርን እንዲታይ ያደርጋል እንጂ አያስተውልም፤ ማስተዋል ከባትሪ አይገኝም።

የብርሃኑ መጠንም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። የሰው ዓይን ጨለማን ሙሉ ለሙሉ ለመልመድ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ አንድ ደማቅ መብራት ያን ሁሉ በቅጽበት ያጠፋዋል። በጨለማ የሚያዩት የዓይን ሴሎች ለቀይ ብርሃን ደንዛዛ ስለሆኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአብራሪ ክፍሎች በቀይ ይበሩ ነበር። ነገር ግን በቀይ ብርሃን ሥር በካርታ ላይ ያሉ ቀይ መስመሮች ስለሚሰወሩ በኋላ በደካማ ነጭ ተተካ። በመብረቅ መካከል ደግሞ ተቃራኒው ይደረጋል፤ ብልጭታው ዓይን እንዳያሳውር መብራቱ በሙሉ ኃይል ይከፈታል። በሌላ ጊዜ ግን መደብዘዙ ዓይንንም ባትሪንም በአንድ ላይ ይቆጥባል።

ባትሪ የማይበላ ብርሃን የነበረበት ዘመንም አለ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የአውሮፕላን መሣሪያዎች መርፌና ቁጥር ራዲየም ባለበት ቀለም ይቀባ ነበር፤ ያለ ሽቦና ያለ አምፖል ሌሊቱን ሁሉ ያበራል። ቀለሙን የሚቀቡት በአሜሪካ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። በኒው ጀርሲ ኦሬንጅ ከተማ በነበረው ፋብሪካ ብሩሹ ጫፉ እንዲሾል በከንፈራቸው እንዲያሾሉት ተማሩ። ራዲየሙ ወደ አጥንታቸው ገባ፤ የመንጋጋ አጥንታቸው በሰበሰ፣ ብዙዎች በወጣትነታቸው ሞቱ። በ1927 በአውሮፓ አቆጣጠር አምስቱ ድርጅቱን ከሰሱ፤ ክሱ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት አለቀ። በቀለሙ ውስጥ የሚያበራው የዚንክ ሰልፋይድ በጥቂት ዓመታት ሲደክም፣ የራዲየሙ ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ገደማ ነው። ብርሃኑ ጠፍቶ መርዙ ቀረ። ያለ ዋጋ የመጣ የመሰለው ብርሃን ዋጋው በሌላ ሰው አካል ተከፍሎ ነበር፤ የከፈሉትም በአውሮፕላኑ አልተሳፈሩም። የትኛው ይብራ ከሚለው ጥያቄ በፊት በማን ኪሣራ ይብራ የሚለው መምጣት አለበት።

የዛሬዎቹ ባትሪዎችም ከአደጋ ነጻ አይደሉም። ብዙ ኃይል በትንሽ ክብደት የሚይዝ ነገር ያንን ኃይል ባልተፈለገ ጊዜ ሊለቅ ይችላል። የቦይንግ 787 የሊቲየም አዮን ባትሪዎች በጥር 2013 በአውሮፓ አቆጣጠር በቦስተንና በጃፓን ከጋሉና ከጨሱ በኋላ፣ በዓለም ያሉት አውሮፕላኖች ሁሉ ከበረራ ታገዱ። ባትሪው ጭሱን ወደ ውጭ በሚያወጣ የብረት ሣጥን ከታሸገ በኋላ፣ በሚያዝያ 27 ቀን በዚሁ አቆጣጠር መንገደኛ ጭኖ በረራውን በመጀመሪያ የቀጠለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ።

ይህ ሁሉ ሲታሰብ የ30 ደቂቃው ተስፋ የሚቆመው ማንም መንገደኛ በማያየው ሥራ ላይ ነው። ባትሪ ከዕድሜ ጋር አቅሙ ይቀንሳል፤ መቀነሱም ከውጭ አይታይም። ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጅረት መስጠት የሚችል ባትሪ፣ ለግማሽ ሰዓት ትንሽ ጅረት መስጠት ላይችል ይችላል። ስለዚህ ባትሪው በየተወሰነ ጊዜ ከአውሮፕላኑ ይወጣል፣ ሙሉ ለሙሉ ይሞላል፣ ከዚያም በተወሰነ ጅረት እንዲፈስ ተደርጎ ባለ 24 ቮልቱ ወደ 20 ቮልት እስኪወርድ ያለው ጊዜ ይለካል። ቴክኒሻኑ ያገኘውን ደቂቃ ጽፎ ይፈርማል። አምራቹ ካወጣው ወለል በታች የወረደው ባትሪ፣ ሞተር የሚያስነሣ ቢሆንም፣ ወደ አውሮፕላኑ አይመለስም።